ልምምድ ላይ 2፡22፣ ውድድር ላይ 2፡31

ጥያቄ፦ «በጅማ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። 800 ሜትር የምትሮጥ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ። ልምምድ ላይ 2፡22 ትገባለች። ውድድር ላይ ግን ያቺ ልጅ አይደለችም። ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ተወዳድራ አንዱን 2፡31፣ ሌላውን 2፡33 ገባች፤ በሦስተኛው 600 ሜትር ላይ አቋርጣ ወጣች። የመጀመሪያውን ዙር ሁልጊዜ ከፊት ሆና በ65 ሰከንድ አካባቢ ትጨርሳለች፤ ከዚያ በኋላ እግሯ ይተሳሰራል፣ ትቀዘቅዛለች። ከመነሳቷ በፊት ያስመልሳታል፣ ሽንት ቤት ትመላለሳለች። ‹አይዞሽ› አልኳት፣ ተቆጣኋት፣ ለመንኳት፤ ለውጥ የለም። ቤተሰቦቿ ዓይን ነው ይላሉ። ትምህርት ቤታችን የሥነ ልቦና ባለሙያ የለውም፤ ከአዲስ አበባ ለማስመጣትም አቅም የለንም። እኔ ምን ማድረግ እችላለሁ?»

ምላሽ፦

መምህር፣ ጥያቄዎን አንብቤ መጀመሪያ ያነሳሁት እርሳስ ነው። 2፡31 ማለት 151 ሰከንድ ነው። 65ቱን ሲቀንሱ ለሁለተኛው ዙር 86 ሰከንድ ይቀራል። በሁለቱ ዙሮች መካከል የ21 ሰከንድ ገደል አለ ማለት ነው። ልምምድ ላይ 2፡22 ስትገባ 70 እና 72 አካባቢ አድርጋ የምትከፍለው ይመስለኛል፤ ሰዓት ይዘው ያረጋግጡልኝ። እንደዚያ ከሆነ «ትቀዘቅዛለች» የሚለውን አነጋገር ከዛሬ ጀምሮ እንተወው። ልጅቷ ቀድማ ነድዳ ነው የምታልቀው።

ፍርሃት የለባትም ማለቴ አይደለም። አለባት፤ ማስመለሱም መመላለሱም ምስክር ነው። ግን ፍርሃቱ በየት በኩል ገብቶ እንደሚጎዳት ካላወቅን «አይዞሽ» እያልን ዓመቱ ያልቃል። እኔ እንደማየው የሚገባው በመጀመሪያው 200 ሜትር በኩል ነው። እሱ ደግሞ በእርስዎ ሜዳ፣ በእርስዎ ሰዓት የሚሠራ ሥራ ነው። እኔም እዚሁ ጅማ ነው የምኖረው፤ ተማሪ ስፖርተኞችን ሳማክር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሜዳችሁን ባላውቀው እንኳ ጭቃውን አውቀዋለሁና የምነግርዎት ሁሉ በኖራ፣ በፊሽካና በአንድ የእጅ ሰዓት የሚሠራ ነው።

መነሻው ላይ ስትቆም ሰውነቷ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ከኩላሊቶቻችን በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይደልቃል፣ እስትንፋስ ያጥራል፣ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይዞራል። ሆድ ሥራውን ስለሚያቆም ያቅለሸልሻል። አካል «ሥራ መጥቷል» ብሎ እየተሰናዳ ነው። ለ100 ሜትር ሯጭ ይህ ብዙም አይከፋም፤ እንዲያውም ይጠቅማል። ለ800 ግን ወጥመድ ነው፣ ምክንያቱም መነቃቃቱ ድካምን ይደብቃል። የመጀመሪያውን 200 ሜትር በ31 ሰከንድ እየበረረች በ36 የምትሮጥ ይመስላታል። ሒሳቡ የሚመጣው 500 ሜትር ላይ ነው። ያኔ እግር ድንጋይ ይሆናል። እሷ ደግሞ ድንጋይ የሆነውን እግሯን አይታ «ይኸው ፈራሁ፣ ይኸው እንደገና ሆንኩ» ትላለች። እውነቱ ግን ማንም 15 ዓመት ወይም 16 ዓመት የሆናት ልጅ ከአቅሟ በላይ በሆነ ፍጥነት ተነስታ ብትሮጥ፣ ፍርሃት ኖራትም አልኖራትም፣ እግሯ ድንጋይ መሆኑ አይቀርም።

ይህን ብቻ ቁጭ ብለው በቁጥር ያሳዩአት። ወረቀት ላይ 65 እና 86 ብለው ይጻፉላት፤ ከጎኑ 70 እና 72። ብዙ ልጆች «ልቤ ደካማ ነው» ብለው ያሰቡት ነገር የሒሳብ ስህተት መሆኑን ሲያዩ ፊታቸው ሲፈታ አይቻለሁ።

ሮበርት የርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1908 በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ ማነቃቂያው ሲያንስም ሲበዛም ትምህርቱ እንደሚበላሽ፣ ሥራው በከበደ ቁጥርም የሚበቃው መጠን ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል። ከአይጥ ተነስቶ ስለ ሰው ልጅ ብዙ መናገር አይመቸኝም። ቢሆንም በዚህ ነገር ሜዳ ላይ የማየውም ከዚያ የራቀ አይደለም፤ ፍጥነት መመጠን የሚጠይቅ ሩጫ ላይ የጋለ ራስ ቀድሞ ያልቃል።

«አይዞሽ» የምንለውን ነገር እንይ። ቆንጆ ቃል ነው፤ ለታመመም ለሐዘንተኛም እንለዋለን። ችግሩም እሱ ነው። መነሻ መስመር ላይ የቆመች ልጅ «አይዞሽ» ስትባል የምትሰማው «የሚያስፈራ ነገር መጥቷል» የሚለውን ነው። «ተረጋጊ»ም አይሻልም፤ ልቧ እየደለቀ ተረጋጊ የተባለ ሰው ባለመረጋጋቱ ሌላ ጭንቀት ይጨምራል። አሊሰን ውድ ብሩክስ የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች ከመዝፈናቸው፣ ንግግር ከማድረጋቸው ወይም የሒሳብ ፈተና ከመውሰዳቸው በፊት ጭንቀታቸውን እንደ ጉጉት እንዲቆጥሩት ስታደርግ ለመረጋጋት ከሞከሩት የተሻለ ውጤት አገኙ። አካሉ ያው ነው፤ የሚደልቀው ልብም ያው ነው፤ የተለወጠው ስሙ ነው። በአማርኛ ለዚህ የሚቀርበው ቃል «ጓጉቻለሁ» ይመስለኛል። ልጅቷ «ሆዴ ተገለባበጠ» ስትልዎት «ጥሩ፣ ሞተሩ ተነስቷል» ይበሏት። ይህን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር ቀን አይሞክሩት፤ ልምምድ ላይ ሰምታው የለመደችው ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ልጅቷ በሳምንት አራትና አምስት ቀን መሮጥ ትለማመዳለች። መወዳደርን ግን በዓመት ሦስት ቀን ብቻ ነው የምታገኘው። በሦስት ቀን ምን ይለመዳል? ስለዚህ አርብ አርብ ከሰዓት፣ ከትምህርት በኋላ፣ ትንሽ ውድድር ያዘጋጁ።

የመጀመሪያው አርብ ብቻዋን ትሩጥ። 200 ሜትሩን በሜትር ለክተው (የትምህርት ቤት ሜዳ ዙር 400 የሚሞላው ጥቂት ነው) በኖራ የነጣ ድንጋይ ያስቀምጡ። ትእዛዟ አንድ ነው፤ ድንጋዩ ጋ ከ35 እስከ 36 ሰከንድ ባለው ጊዜ መድረስ። በ33 ከደረሰች ፊሽካ ይንፉና ይመልሷት፤ ቁጣ የለም፣ «ፈጠንሽ» ብቻ። እንደገና። ሦስቴ፣ አራቴ። የቀረውን 600 ሜትር መጀመሪያው ቀን ባትሮጠውም ግድ የለም። ልጆች በዚህ ልምምድ መጀመሪያ ይበሳጫሉ፤ «ቲቸር፣ እየተራመድኩ እኮ ነው!» ይላሉ። ይህን ስትልዎት ደስ ይበልዎት፤ ትክክለኛው ፍጥነት በዚያ ሰዓት መራመድ ነው የሚመስለው።

ሁለተኛው አርብ አራት ወንዶች ልጆች ያቁሙላት፤ ለእነሱ በጆሯቸው «መቶ ሜትር እንደ ጥይት ውጡ፣ ከዚያ አቁሙ» ይበሏቸው። የእሷ ሥራ መተው ነው፤ ጀርባቸውን እያየች 36 መያዝ። ለዚህች ልጅ ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ይመስለኛል። ከፊት ሆና የምትወጣው ጉልበት ተርፏት አይደለም፤ ሰው መሃል መሆኑን ስለምትፈራ ነው። ትከሻ ለትከሻ መነካካት፣ ክርን፣ የሌላ ሰው እግር። በትልልቅ ውድድሮች 800 ሜትር የመጀመሪያው መታጠፊያ እስኪያልቅ በየመስመሩ ይሮጥና ከዚያ ሁሉም ወደ ውስጥ ይገባል፤ መስመር ባልተሰመረበት የትምህርት ቤት ሜዳ ግን ግፊያው ከመነሻው ይጀምራል። ልትለምደው የሚገባት እሱን ነው።

በሦስተኛው የክፍል ጓደኞቿ ዳር ቆመው ይጩኹ። በአራተኛው ቁጥር በደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያስይዙላት፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ሩብ ሰዓት አስቀምጠው ስሟን በድምፅ ጠርተው ያስወጧት፤ ብዙ ተማሪ የሚያስመልሰው ሲጠብቅ እንጂ ሲሮጥ አይደለምና። በአምስተኛው ርዕሰ መምህሩን ጋብዙ፤ ክራቫት ቢያስር ደግሞ የተሻለ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ከ400 ሜትር በላይ በሆኑ ሩጫዎች አስነሺው «ወደ ቦታ» ብቻ ብሎ ነው ተኩስ የሚያሰማው፤ «ተዘጋጅ» የለም። ብዙዎቻችን ለ100 ሜትር የለመድነውን በ800ም እንላለንና ልጅቱ እውነተኛው ውድድር ላይ ያልጠበቀችው ቅጽበት ላይ ትነሳለች። ሽጉጥ ባይኖር ሁለት ጣውላ ማጋጨት ይበቃል።

ዝናብ ቢመጣ? ጅማ ነው፣ ይመጣል። መብረቅ እስከሌለ ድረስ ይሩጡ።

ይህ ከኪሴ ያወጣሁት አይደለም። ሁለት የሆላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት የዳርት ውርወራ ጥናት፣ ቀላል ጭንቀት ውስጥ ሆነው የተለማመዱት ኋላ ከባድ ጭንቀት ሲመጣ ውርወራቸው አልተበላሸም፤ በእርጋታ ብቻ የተለማመዱት ግን ወረደ። ቀላል የሚለውን ቃል ያስምሩበት። የመጀመሪያውን አርብ ሙሉ ትምህርት ቤቱን ሰብስበው እንዲያያት ቢያደርጉ ያለማመዷት ሽንፈትን ነው።

ከራሴ ስህተት አንዱን ልንገርዎት። ሥራ ስጀምር መረብ ኳስ የምትጫወት፣ ሰርቪስ የምትስት አንዲት ተማሪ መጣችልኝ። መጽሐፉ እንደሚለው «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ሰርቪስሽን በሐሳብሽ እዪው፣ ማታ ማታ ሃያ ጊዜ» ብዬ ላክኋት። ሦስት ሳምንት አለፈ፣ ባሰባት። ምን እንደምታይ ጠይቄአት አላውቅም ነበር። ስጠይቃት ትንሽ ዝም ብላ «ኳሱ መረቡን ሲመታ ነዋ» አለችኝ። ማታ ማታ ሃያ ጊዜ መሳትን ስታጠና ነበር፣ በእኔ ትእዛዝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ዓይንህን ጨፍን አልልም። እርስዎም ለልጅቷ የሐሳብ ልምምድ መስጠት ከፈለጉ ዓይኗን ገልጣ፣ ሜዳው ላይ፣ የመጀመሪያውን 200 ሜትር በእግሯ እየሄደች ትንገርዎት፤ «እዚህ ጋ ይቀድሙኛል፣ እተዋቸዋለሁ፣ እዚህ ጋ ድንጋዩ ይመጣል» እያለች። የምታየውን በጆሮዎ እየሰሙ ነው ማለት ነው።

ለሩጫው ሁለት ቃል ትያዝ፤ አንዱ ለመጀመሪያው ዙር፣ ሌላው ለ500 ሜትሩ። ቃሉን እርስዎ አይምረጡላት። በተለይ በእኛ ከተማ ይህ ቁም ነገር ነው፤ ልጁ ከእርስዎ ጋር በአማርኛ ያወራል፣ ከራሱ ጋር ግን በኦሮምኛ ሊሆን ይችላል። ሲደክመን የምናወራው በቤታችን ቋንቋ ነው። አብሬው የሠራሁት አንድ ሯጭ ለመጀመሪያው ዙር የመረጠው «ሱታ» የሚለውን ነበር፣ ቀስ ማለት ነው፤ አያቱ ውኃ ይዞ ሲሮጥ የሚሉት ቃል ነው። ለመጨረሻው ደግሞ «ጀባዱ»፣ በርታ። እኔ «ፍጥነትህን መጥን» ብዬ ወር ሙሉ ከነገርኩት ይልቅ የአያቱ አንድ ቃል ሠራች።

እስትንፋስን በአጭሩ። ከውድድሩ ሃያ ደቂቃ በፊት፣ ከማሟሟቂያው በፊት፣ በአፍንጫ ወደ ውስጥ አራት እየቆጠሩ፣ በአፍ ወደ ውጭ ስድስት እየቆጠሩ፤ በደቂቃ ስድስት ያህል ይመጣል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። መነሻ መስመር ላይ አይደረግም፤ እዚያ ሲደርስ ሰዓቱ አልፏል። ዱዓ የምታደርግ ወይም የምትጸልይ ከሆነች አያስቀሯት፤ በሥርዓት የሚደጋገም ነገር ራስን ይሰበስባል። ብቻ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ይሁን፤ ለምሳሌ ጫማዋን ካሰረች በኋላ። ተኩሱ ሊሰማ ሲል የሚጣደፍ ዱዓ ጭንቀት ይሆናል።

ከውድድሩ በፊት ባሉት አሥር ደቂቃዎች ልጅቷን የሚያናግራት ማን ነው? ጅማም ሆነ ሌላ ቦታ በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ የማየው ተመሳሳይ ነው፦ አንዱ መምህር «ከዚያች ባለ ቀይ ማሊያ ተጠንቀቂ»፣ ሌላው «ዋንጫው በአንቺ ነው»፣ ጓደኛዋ «ፊትሽ ገርጥቷል»። እርስዎ በር ይሁኑ። አንድ ሰው ብቻ ያናግራት፣ እሱም ስለ ድንጋዩ ብቻ። «36።» ከዚያ ዝም።

እዚህ ላይ ስለ እርስዎም አንድ ነገር ልበል፣ አይቀየሙኝ። ተቆጣኋት ብለዋል። እረዳለሁ፤ ውጤት ሲጠፋ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ግን አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ቤዝቦል አሰልጣኞችን ሁለት ቦታ ከፍለው የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙት ቁጥር አእምሮዬ ላይ ቀርቷል፦ ማበረታታትንና ስህተትን በእርጋታ ማረምን የተማሩት አሰልጣኞች ዘንድ በቀጣዩ ዓመት ያልተመለሱት ልጆች 5 በመቶ ሲሆኑ፣ ባልተማሩት ዘንድ 26 በመቶ ነበሩ። የቡድኖቹ የማሸነፍ ቁጥር ደግሞ ልዩነት አልነበረውም። ለተሳሳተ ልጅ «አምስት ዙር ሩጥ» ማለትንም ይተዉ። ሯጭን በሩጫ መቅጣት አስተናጋጅን በምግብ እንደመቅጣት ነው።

በቆጂ ላይ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ እንደ እርስዎ የስፖርት መምህር ነበሩ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ይህን የማነሳው ልጅቷን ደራርቱ አድርጉልኝ ለማለት አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒውን ልነግርዎት ነው። ቤት ውስጥ ምን እንደሚባል ያጣሩ። «ሩጫ እንጀራ አይሆንም፣ ደብተርሽን ያዢ» የሚባልበት ቤት አለ። «እንደ ደራርቱ ሆነሽ ቤት ትሠሪልናለሽ» የሚባልበትም አለ። ሁለተኛው የሚያበረታታ ይመስላል፤ የ10ኛ ክፍል ልጅ ግን መነሻ መስመር ላይ የቤተሰቡን ጣሪያ ቆርቆሮ ተሸክማ ትቆማለች።

እናቷን ቡና ላይ ያግኟቸው። «ዓይን ነው» ሲሉ አይከራከሩ። ንግግሩ እንዲህ ቢሄድ ጥሩ ነው፦

«መምህር፣ ልጄን ዓይን በልቷት ነው። ብቻዋን ስትሆን ደህና ናት፤ ሰው ፊት ስትቆም ነው የሚይዛት።»

«ሊሆን ይችላል እናቴ። ዱዓውን እናንተ ያዙልኝ፤ የመጀመሪያውን ዙር ለእኔ ተዉት።»

እናትየው «ሰው ፊት ስትቆም» ካሉ የምርመራውን ግማሽ ነግረውዎታል። ከእሳቸው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቷ ከውድድር ስትመለስ በር ላይ የሚጠይቋት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንተኛ ወጣሽ?» እንዳይሆን። «በልተሻል ወይ?» ይሁን። ስንተኛ እንደወጣች ሳትጠየቅ ትነግራቸዋለች።

600 ሜትር ላይ ማቋረጧን ለብቻው ያስቡበት። ማቋረጥ አንዳንዴ መከላከያ ነው፤ «ተሸነፈች» ከመባል «አሟት ወጣች» መባል ይቀላል። ሰው ለውድቀቱ አስቀድሞ ሰበብ እንደሚያዘጋጅ ሥነ ልቦና ካወቀው ቆይቷል። አሁን 65 ብላ መነሳቷን ካቆመች ማቋረጡ በራሱ ሊጠፋ ይችላል። ካልጠፋ፣ የአርቡ ውድድር ላይ «ብትጨርሺ፣ በ3 ደቂቃም ቢሆን፣ ያለቀ ሥራ ነው» ብለው የጨረሰችበትን ደብተር ላይ ይመዝግቡላት። ለተሰንበት ግደይን ታውቃት ይሆናል። የካቲት 2015 ዓ.ም. አውስትራሊያ ባትኸርስት ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ፊት ሆና መጨረሻው መስመር ላይ ለመድረስ ጥቂት ሜትር ሲቀራት ወደቀች፤ ሰው ደግፎ ስላነሳት ውጤቷም ተሰረዘ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና 10 ሺህ ሜትር የብር ሜዳሊያ አመጣች። ይህን ሲነግሯት ምክር አያክሉበት፤ ታሪኩን ብቻ ነግረው ይተዉት።

አሁን ደግሞ ማንም ሥነ ልቦና ብሎ የማይጠራው፣ ለእኔ ግን ግማሹ ሥነ ልቦና የሆነው ነገር፦ እንቅልፍ፣ ቡናና ጫት። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ትንሹን ነገር ትልቅ አድርጎ ያየዋል፣ ሜዳ ላይም ክፍል ውስጥም። ፈተና ሲቀርብ ማታ ምን እንደሚደረግ ይጠይቁ። ቡና በጅማ ቤት ውስጥ ከውኃ አይለይም፤ ልጆችም አቦል ቶናውን ከእናታቸው ጋር ይጠጣሉ። ካፌይን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ወጥቷል፤ በዚህ በኩል ስጋት የለም። ነገር ግን ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በረካ የጠጣች ልጅ እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹን ይዛው ተኝታለች። ውድድሩ ጠዋት ላይ ሆኖ ሆዷ የሚታወክ ከሆነም ባዶ ሆድ ላይ የሚጠጣ ቡና ነገሩን ያባብሰዋል።

ጫቱን ሴት ልጅ ናት ብዬ ላልፈው አልፈልግም፤ ይጠይቁ፣ በተለይ ግን ወንዶቹን። «ለጥናት ነው» ብሎ ማታ የቃመ ተጫዋች በማግስቱ ልቡ ሳይሮጥ ይደልቃል፣ ምግብ አይበላም፣ አይተኛም፤ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ይከፋዋል፣ ይጨነቃል። ከዚያ አሰልጣኙ «ሞራል የለውም» ይላል። ሞራሉ ላስቲክ ውስጥ ነው የቀረው። ጫት ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲን በዓለም የፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ ዝርዝር ውስጥ በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው፤ ካቲን በሽንት ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮ ግራም ሲያልፍ ያስቀጣል። የትምህርት ቤት ውድድር ላይ የሚመረምር የለም። ነገ ክለብ የሚገባ ልጅ ግን ዛሬ ቢሰማው አይጎዳውም።

በረመዳን ልጅቷ የምትጾም ከሆነ የአርቡን ውድድር ይዝለሉት። የድንጋዩን 200 ሜትር ብቻ፣ ለኢፍጣር ትንሽ ሲቀር፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ትሩጠው።

በእርስዎ እጅ የማይያዙ ነገሮችም አሉ። ከውድድር ቀን ውጭም የምታስመልስ ከሆነ፣ ክብደቷ እየወረደ ከሆነ፣ የወር አበባዋ ሦስት ወር ከቀረ፣ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣች፣ ክፍል ውስጥም ድንገት መተንፈስ የሚያቅታት ከሆነ፣ ወይም ስለ መሞት ካወራች፣ ሩጫው ይቁም። ወላጆቿን ይዘው ወደ ሕክምና ይሂዱ፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ወደዚያ መሄድ ማበድ እንዳልሆነ ለቤተሰቡ አስቀድመው ይንገሩ። ልምምድ ላይም ሰዓቷ መበላሸት ከጀመረ መጀመሪያ የደም ማነስና ወባ ይታዩ። ሌላም አለ፤ የምትፈራው ውድድሩን ሳይሆን አንድ የተወሰነ ሰው ከሆነ፣ መምህርም ይሁን አሰልጣኝ ወይም የሜዳ ሰው፣ ያኔ ጉዳዩ የስፖርት አይደለም፤ ልጅቷን ማመንና ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ነው። ወንድ መምህር ከሆኑ ልጅቷን የሚያናግሩት ክፍት ሜዳ ላይ ወይም አንዲት ሴት መምህርት ባሉበት ይሁን፤ ለእሷም ለእርስዎም ይበጃል።

ባለሙያ የለንም ላሉት፣ ዩኒቨርሲቲው በከተማችን ነው። የስፖርት ሳይንስና የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍሎች አሉት። ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ጽፈው አንድ መምህር በወር አንዴ እንዲመጣላችሁ ቢጠይቁ ከአዲስ አበባ ከማስመጣት ይቀላል። ሲመጣ ንግግር እንዲያደርግ አይጋብዙት፤ አርቡን ሜዳ ላይ አብሯችሁ ይቁም።

እስከዚያው ትንሽ ደብተር ይያዙ። በየአርቡ ማታ ስንት ሰዓት እንደተኛች፣ ምን እንደበላች፣ ከመነሳቷ በፊት ማን ምን እንዳላት፣ ድንጋዩ ጋ በስንት ሰከንድ እንደደረሰች። አራተኛው አርብ ሲያልፍ ገጾቹን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። የገባችበትን ሰዓት መጨረሻ ላይ አየዋለሁ፤ መጀመሪያ የማየው የድንጋዩን ነው።